አዲስ የገጠምኩት ኮምፒውተር አልነሳ አለኝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዕቃውን ለወራት አንድ በአንድ አጠራቅማችሁ፣ ከፊሉን እዚሁ ገዝታችሁ፣ ከፊሉን በዘመድ ሻንጣ አስመጥታችሁ፣ ቅዳሜን ሙሉ ስትገጥሙ ውላችሁ ማብሪያውን ስትጫኑት ጭጭ ሲል ልብ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። የመጀመሪያ ኮምፒውተሬን በገጠምኩበት ምሽት የደረሰብኝ ይኸው ነበር። በማግስቱ ያሳየሁት ባለሙያ ገና ክዳኑን እንደከፈተ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። አልተቃጠለም ነበር። ከሳምንት በኋላ ራሴ ስፈልግ፣ ከፕሮሰሰሩ በላይ ጥግ ላይ ያልተሰካ አንድ ኬብል አገኘሁ። ሰካሁት፤ ተነሳ። ያ ማዘርቦርድ ዛሬም ታናሽ ወንድሜ ቤት ይሠራል።

ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያ ኮምፒውተራቸውን ለገጠሙ ብዙ ወዳጆቼ አብሬ ፈልጌያለሁ። የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ አንድ ቦታ ሰብስቤያቸዋለሁ። «ተቃጥሏል» የሚለው ፍርድ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም፤ አዲስ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ማታ ለፍለጋ ስጡ።

ኮምፒውተሬ አይነሳም። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ምንም ሳትነቅሉ በደንብ ተመልከቱ፣ አዳምጡም። «አይነሳም» የሚባለው ነገር ሦስት ዓይነት ነው፤ መፍትሔውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ጭራሽ ምንም ምልክት የሌለው ነው፤ ፋን አይዞርም፣ መብራት የለም፣ ድምፅ የለም። ሁለተኛው ማብሪያውን ስትጫኑ ፋኑ ለአፍታ ዞር ብሎ የሚቆም፣ ወይም እየተነሳ እየጠፋ የሚመላለስ ነው። ሦስተኛው ፋኑ ሁሉ እየዞረ፣ መብራቱም በርቶ፣ ሞኒተሩ ላይ ግን ምንም የማይታይበት ነው።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪክ ችግር አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ተነስቷል፣ ሥራውን ግን መጀመር አቅቶታል። ሰው ሲያማክሩ «አይነሳም» ብቻ ማለት መልስ ሰጪውን ወደተሳሳተ መንገድ ይመራዋል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ንገሩ።

ምንም ምልክት የለውም፤ ጭጭ ብሏል። ከየት ልጀምር?

ከግድግዳው። የሞባይል ቻርጀር በዚያው ሶኬት ሰክታችሁ ይሠራ እንደሆነ እዩ። ዲቫይደሩን ትታችሁ ኬብሉን ቀጥታ ግድግዳው ላይ ስኩት። ለኮምፒውተር የሚያገለግለው ወፍራም ገመድ ከሞኒተሩ ገመድ ጋር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁለቱን አለዋውጣችሁ ሞክሩ። ከፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን ኤሌክትሪክ ለኮምፒውተሩ ከሚያከፋፍለው ሳጥን) ጋር የሚገናኘው ጫፍ አዲስ ሲሆን ይጠብቃል፤ የገባ መስሎ ግማሹ ውጭ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ ከኋላ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ተመልከቱ። ቀጥ ያለችው መስመር በኩል ሲጫን በርቷል፤ ክቧ በኩል ሲጫን ጠፍቷል። ከፊት ያለው ማብሪያ ይህችኛዋ ሳትበራ ምንም አይሠራም። ቀላል ነገር ነው፤ ግን ደጋግሜ ያገኘሁት ጥፋት ነው።

ይህ ሁሉ ልክ ከሆነ ወደ ማዘርቦርዱ ተመልከቱ። ፓወር ሰፕላይ ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን 5 ቮልት ያለማቋረጥ ወደ ማዘርቦርዱ ይልካል፤ የማብሪያውን ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚነሳው በዚያ ነው። ስለዚህ ብዙ ማዘርቦርዶች ገና ማብሪያው ሳይነካ አንዲት ትንሽ መብራት ያበራሉ። እሷ ከበራች ኤሌክትሪኩ እስከ ማዘርቦርዱ ደርሷል ማለት ነው፤ ጥርጣሬያችሁን ወደ ማብሪያው ሽቦዎች አዙሩ። ማዘርቦርዳችሁ እንዲህ ያለ መብራት እንዳለው ግን ከማኑዋሉ አረጋግጡ፤ የሌለውም አለ።

ፓወር ሰፕላዩ ከአሜሪካ የመጣ ነው። ከ220 ቮልት ጋር ይስማማል?

ይህን ሳታረጋግጡ እባካችሁ አትሰኩት። አሁን የሚሠሩት ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች በብዛት ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለ ምንም ማስተካከያ ይቀበላሉ። ጎኑ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ፤ «100-240» የሚል ከሆነ ትራንስፎርመር አያስፈልገውም፤ እዚህ የተገዛ ገመድ ብቻ ይበቃዋል።

ርካሽ የሆኑት እና የድሮዎቹ ግን ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል ተንሸራታች ማስተካከያ፣ ብዙ ጊዜ ቀይ፣ አላቸው። ከአሜሪካ የመጣው 115 ላይ ተደርጎ ይሆናል። በዚያ ቦታ ላይ ሆኖ ውስጡ ያለው ሰርኪት የሚገባውን ቮልቴጅ እጥፍ አድርጎ ነው የሚያጠራቅመው፤ በአሜሪካው መብራት ወደ 325 ቮልት ገደማ ይደርሳል፣ ኤሌክትሪኩን የሚያጠራቅሙት ክፍሎች፣ ካፓሲተሮቹ፣ ለዚያ የተሠሩ ናቸው። በእኛ 220 ሲሰካ ግን ከ600 ቮልት ያልፋል፤ ካፓሲተሮቹ አይችሉትም። ድው ይላል፣ ይጨሳል፣ ያበቃለታል። ገመዱን ከመሰካታችሁ በፊት ማስተካከያውን 230 ላይ አንሸራቱት።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከኢትዮጵያ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ፓወር ሰፕላይ 230 ላይ እንደተቀመጠ ከሆነ አይፈነዳም፤ ኃይሉ ስለማይበቃው ዝም ይላል።

ኬብሎቹን ሁሉ በትክክል እንደሰካሁ በምን አውቃለሁ?

ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ የግድ የሚሄዱ ሁለት ኬብሎች አሉ። አንዱ ባለ 24 ፒን የሆነው ትልቁ ነው፤ እሱን የሚረሳ የለም። የሚረሳው ሁለተኛው፣ ለፕሮሰሰሩ ብቻ የሚሄደው ባለ 8 ፒን ነው። ቦታው ከፕሮሰሰሩ አጠገብ፣ ብዙ ጊዜ በማዘርቦርዱ ላይኛው ግራ ጥግ ነው። ኬዝ ውስጥ ከገባ በኋላ ማቀዝቀዣው ይከልለዋል፤ በመግቢያዬ የነገርኳችሁ ኬብል ይኸው ነው። እሱ ከሌለ አንዳንዱ ማዘርቦርድ ፋን ያዞራል፣ ምስል ግን አይሰጥም፤ ሌላው ጭራሽ አይነሳም። ማዘርቦርዱ ሁለት እንዲህ ያለ ቀዳዳ ካለው አንዱ እስከሞላ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ለመነሳት ይበቃል።

ባለ 24ቱ ጠንከር ያለ ግፊት ይፈልጋል። ሲጫኑት ማዘርቦርዱ ስለሚጎብጥ ብዙ ሰው ፈርቶ ሚሊሜትር ሲቀረው ይተወዋል። በአንድ እጃችሁ ማዘርቦርዱን ከጎን ደግፋችሁ በሌላው ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑት። ቀርቀሪያው ቀጭ ብሎ ከማዘርቦርዱ መንጠቆ ጋር መያያዝ አለበት። በዓይን ብቻ አትመኑ፤ ነቅላችሁ እንደገና ስኩት።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የፕሮሰሰሩ ባለ 8 እና የግራፊክስ ካርዱ ባለ 8 ይመሳሰላሉ። የፕሮሰሰሩ ለሁለት እኩል፣ ማለትም 4 እና 4 ሆኖ ይከፈላል፤ የግራፊክስ ካርዱ 6 እና 2 ሆኖ ይከፈላል። ባለ 12 ቮልቱ እና የግራውንዱ ሽቦዎች በሁለቱ ላይ ተቃራኒ ረድፍ ላይ ናቸው። የፒኖቹ ቅርፅ እንዳይገጣጠሙ ተደርጎ ነው የተሠራው፤ በኃይል ያስገባ ግን ሾርት ያደርጋል። አልገባ ካላችሁ አታስገድዱት፤ የያዛችሁት ሌላ ኬብል ነው።

ኬብሉ ከፓወር ሰፕላዩ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ያኛውን ጫፍም እዩ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ጥብቅ ብሎ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የላላ አጋጥሞኛል።

ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ኬብል ብጠቀምስ?

በፍጹም። በማዘርቦርዱ በኩል ያለው ጫፍ ደረጃው የታወቀ ነው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገ ነው የሚያደርገው፤ የአንድ አምራች ሁለት ሞዴሎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ኬብሉ ይገጥማል፣ ግን 5 ቮልት በሚሄድበት 12 ቮልት ይሄድና ሀርድ ዲስካችሁን ከነፋይሉ ይዞት ይሄዳል። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ኬብሎቹ የራሱ መሆናቸውን ሻጩን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

የፊቱ ማብሪያ ራሱ ችግር ሊኖርበት ይችላል?

አዎ፤ ከዚያ በላይ ግን የሚያጋጥመው ሽቦው በተሳሳተ ፒን ላይ መሰካቱ ነው። ከኬዙ የሚመጡት ቀጫጭን ሽቦዎች በማዘርቦርዱ ታችኛው ቀኝ ጥግ አካባቢ ባሉት ሁለት ረድፍ ጥቃቅን ፒኖች ላይ ይሰካሉ። ሽቦው በአንድ ፒን ወይም በአንድ ረድፍ ከተሳሳተ ማብሪያው ምንም አይሠራም። አደራደሩ ከማዘርቦርድ ማዘርቦርድ ስለሚለያይ ማኑዋሉን አውጥታችሁ በስልክ ባትሪ እያበራችሁ ስኩ። ለማብሪያውና ለሪሴት የትኛው ሽቦ በየት ቢዞር ለውጥ የለውም፤ ፕላስና ማይነስ የሚለየው ለመብራቶቹ ብቻ ነው።

ማብሪያውን ከጥርጣሬ ነፃ ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የሪሴቱን ሽቦ በማብሪያው ፒኖች ላይ ሰክቶ በሪሴቱ ቁልፍ ማስነሳት ነው። ሁለተኛው ሽቦውን ነቅሎ ሁለቱን የማብሪያ ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለአንድ ሰኮንድ ማገናኘት ነው። ማብሪያውም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በዚያ ላይ ያለው ቮልቴጅ ትንሽ ስለሆነ አይነዝርም። ካቻቢቴው ሌሎቹን ፒኖች እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቁ። በካቻቢቴ ተነስቶ በማብሪያ ካልተነሳ ችግሩ የኬዙ ነው፤ ማዘርቦርዳችሁ ጤነኛ ነው።

ፓወር ሰፕላዩ መሞቱን እንዴት አረጋግጣለሁ?

በአግራፍ የሚደረግ የቆየ ፈተና አለ። መጀመሪያ ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከማዘርቦርዱም ከሌላውም ዕቃ ሁሉ አላቁት። ባለ 24 ፒኑ ጫፍ ላይ አንድ ብቻ አረንጓዴ ሽቦ አለ፤ አጠገቡ ጥቁሮች አሉ። አግራፉን ቀና አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ አረንጓዴው ቀዳዳ፣ ሌላውን ጥቁሩ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡ። ከዚያ በኋላ ብቻ ግድግዳው ላይ ስኩና ከኋላው አብሩት። አረንጓዴው «ተነስ» የሚለውን ትዕዛዝ የሚቀበል ሽቦ ስለሆነ ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ ፓወር ሰፕላዩ ያለ ማዘርቦርድ ይነሳል። ፋኑ ከዞረ ነፍስ አለው።

ሁለት ነገር ልጨምር። ዛሬ ብዙዎቹ ሥራ ሲቀላቸው ፋናቸውን ያቆማሉ፤ ስለዚህ አንድ የኬዝ ፋን አብራችሁ ካልሰካችሁ የሚሠራውን ሞቷል ልትሉ ትችላላችሁ። ሽቦዎቹ ሁሉ ጥቁር ከሆኑ ደግሞ በግምት አታስገቡ፤ የፒኑን ቦታ በማኑዋሉ ስዕል አረጋግጡ ወይም የፓወር ሰፕላይ መፈተሻ ካለው ሰው ጋ ውሰዱት።

መልቲሜትር ካላችሁ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ቢጫው 12 ቮልት ነው፤ ከ11.4 እስከ 12.6 ይፈቀዳል። ቀዩ 5 ነው፤ ከ4.75 እስከ 5.25። ብርቱካናማው 3.3 ነው፤ ከ3.14 እስከ 3.46። ከዚህ ከወጣ ፓወር ሰፕላዩን አትመኑት። ቁጥሩ ልክ ቢሆንም እንኳ ያለ ጭነት ስለተለካ ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፤ የሚሠራ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከርን የሚያክል ነገር የለም።

የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ግን አትክፈቱ። ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዘው ይቆያሉ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ፋኑ ለአፍታ ዞር ብሎ ይቆማል። ምንድን ነው?

ፓወር ሰፕላዩ አደጋ አይቶ ራሱን እያጠፋ ነው። ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ ሾርት አለ። ይህ ክፉ ዜና አይመስለኝም፤ መከላከያው እየሠራ ነው ማለት ነው።

ከኬዙ ጀምሩ። ማዘርቦርዱ ኬዙን በቀጥታ እንዳይነካ ትናንሽ የነሐስ እግሮች ላይ ይቀመጣል። እግሮቹ ማዘርቦርዱ ቀዳዳ ባለው ቦታ ብቻ መታሰር አለባቸው። ኬዙ ለትልቅ ማዘርቦርድ ተዘጋጅቶ እናንተ አነስተኛ ከገጠማችሁ፣ ትርፍ ሆኖ የቀረ አንድ እግር የማዘርቦርዱን ጀርባ ወግቶ ሾርት ያደርጋል። እግሮቹን ጨርሶ ረስቶ ማዘርቦርዱን ቆርቆሮው ላይ በብሎን ያሰረም አይቻለሁ። ከኋላ ወድቃ የቀረች ብሎንም ፈልጉ፤ ስትገጥሙ የጠፋችባችሁ ካለች የት እንዳለች ሳታውቁ አታብሩ። ከኋላ ያለው የቆርቆሮ መሸፈኛ ምላስም አንዳንዴ የዩኤስቢ ወይም የኔትወርክ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይገኛል።

ከዚያ ሁሉንም አውጥታችሁ ካርቶን ላይ ፈትኑ። የማዘርቦርዱ የራሱ ካርቶን ይበቃል። የመጣበትን የሚያብለጨልጭ ከረጢት ግን ከሥሩ አታድርጉ፤ ላዩ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ካርቶኑ ላይ የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ ከነማቀዝቀዣው፣ አንድ ራም እና ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው። ሀርድ ዲስክ፣ የኬዝ ፋን፣ የዩኤስቢ ሽቦ፣ ግራፊክስ ካርድ ይቅር፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው ብቻ ካርዱን ጨምሩ። በካቻቢቴ አስነሱት።

እዚህ ላይ ከተነሳ ጥፋተኛው ከውጪው ወገን ነው፦ ኬዙ ወይም ካስቀራችኋቸው አንዱ። አንድ ጨምሩ፣ አስነሱ፣ አጥፍታችሁ ከግድግዳው ንቀሉ፣ ሌላ ጨምሩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የጨመረ ሰው የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ ያድራል። ብዙ ሰው ሲደክመው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከደከማችሁ ለነገ አሳድሩት።

ካርቶኑ ላይም ካልተነሳ ራሙን በሌላው ቀዳዳ፣ ከዚያ በሌላኛው ራም ሞክሩ። በመጨረሻ ፕሮሰሰሩን አንስታችሁ ሶኬቱን እዩ። በኢንቴል እና ኤኤም5 በሚባለው አዲሱ የኤኤምዲ ሶኬት ላይ ፒኖቹ ያሉት ሶኬቱ ላይ ነው፤ ከሱ በፊት በነበረው በኤኤም4 ደግሞ ፕሮሰሰሩ ላይ። በጣም ቀጫጭን ስለሆኑ በዓይን በደንብ አይለዩም፤ በስልካችሁ ካሜራ አቅርባችሁ ከተለያየ አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ሲያብለጨልጩ አንዱ ብቻ በሌላ አቅጣጫ ካብለጨለጨ ተጣሟል። ዋስትና ካለው አትንኩት፤ መጀመሪያ የገዛችሁበትን ጠይቁ።

እየተነሳ እየጠፋ ይመላለሳል፤ እንዲህም ሆኖ ጤነኛ ሊሆን ይችላል?

ይችላል፤ በተለይ ዲዲአር5 ራም ያለው አዲስ ኮምፒውተር ከሆነ። ማዘርቦርዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ከራሙ ጋር የሚግባባበትን ፍጥነት በሙከራ ይፈልጋል፤ በዚያ መሃል ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቆያል፣ ራሱን አጥፍቶ ሊነሳም ይችላል። ኤኤም5 ላይ ይህ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ስንቱ ሰው ሰላሳ ሰኮንድ ጠብቆ አጥፍቶታል፤ ባጠፋው ቁጥር ሥራው ከመጀመሪያው ይጀምራል። የመጀመሪያውን ጊዜ አሥራ አምስት ደቂቃ ስጡት፤ ቡና አፍሉበት።

ፋኑም መብራቱም አለ፤ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ነው።

ሞኒተሩ የተሰካው የት ነው? ግራፊክስ ካርድ ካላችሁ የኤችዲኤምአይ ኬብሉ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አይሰካም። ካርድ ከሌላችሁ ደግሞ ፕሮሰሰራችሁ የራሱ ግራፊክስ እንዳለው አረጋግጡ። የኢንቴሎቹ ቁጥር በ«ኤፍ» ፊደል ካለቀ የለውም። ራይዘን ከሚባሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ውስጥ ደግሞ በኤኤም4 ሶኬት የሚገቡትና በ«ጂ» ፊደል የሚያልቁት አላቸው፤ ራይዘን 5 3600 እና 5600 ግን የላቸውም። ማዘርቦርዱ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ስላለው ብቻ ምስል ይሰጣል ማለት አይደለም። ርካሽ ሆኖ አግኝተነው ነው ብለው «ኤፍ» የገዙና ካርድ ለመግዛት ገንዘብ የጨረሱ ልጆች አሉ፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ፊደሏን አንብቡ።

ቀጥሎ ራም። አራት ቀዳዳ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሁለት ራም የሚገባው ብዙ ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ራም ሲገባ ድምፅ አለው፤ ከሁለቱም ጫፍ እኩል እስኪገባ ተጫኑት።

ብዙ ማዘርቦርዶች ችግሩን ራሳቸው ይናገራሉ። ጥግ ላይ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስ እና ለዲስክ አንዳንድ ትናንሽ መብራቶች አሏቸው፤ ሲነሱ ተራ በተራ በርተው ይጠፋሉ። በርታ የቀረችው የተጣበቀበትን ነገር ትጠቁማለች። አንዳንዱ ማዘርቦርድ ትንሿ ድምፅ ማጉያ ከተሰካችለት በጩኸት ይቆጥራል፤ የጩኸቱ ትርጉም ማኑዋሉ ውስጥ አለ።

ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ጋር ይገጥማል፤ ለምን አያነሳውም?

ሶኬቱ መግጠሙ ብቻ አይበቃም፤ ባዮሱ፣ ማለትም ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ፕሮሰሰሩን ማወቅ አለበት። ለምሳሌ ቢ450 የሚባሉት ለኤኤምዲ ፕሮሰሰር የተሠሩ ማዘርቦርዶች ከራይዘን 5000 በፊት የወጡ ናቸው፤ መጋዘን ውስጥ የቆየ አንዱን ገዝታችሁ 5600 ብትጭኑበት ባዮሱ ካልታደሰ ምስል አይሰጥም። በአምራቹ ድረ ገፅ ላይ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ከየትኛው የባዮስ ቁጥር ጀምሮ እንደሚሠራ ዝርዝር አለ።

አንዳንድ ማዘርቦርዶች ፕሮሰሰር ሳይገጠምም ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ ከኋላቸው አላቸው። ሁለቱ የኃይል ኬብሎች ይሰካሉ፣ ፋይሉ በማኑዋሉ በተነገረው ስም ተለውጦ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ላይ ይቀመጣል፣ ቁልፉ ይጫናል። እስኪጨርስ መብራት እንዳይጠፋ ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚተካ መሣሪያ) ላይ አድርጉት። ቁልፉ ከሌለ ባዮሱ ቀድሞ የሚያውቀውን ፕሮሰሰር ተውሶ ማደስ ነው።

ማዘርቦርዱን ያወጣሁት ካገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። በአዲስ ኬዝና ፓወር ሰፕላይ አይሠራም?

ከውጭ ያገለገሉ ሆነው የሚመጡት የዴል እና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ጥሩ ዕቃ ናቸው፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የራሳቸው አደራደር አላቸው። ለምሳሌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 እና 9020 ላይ ባለ 24 ፒን ቀዳዳ የለም፤ ባለ 8 ነው። ከኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 አንዳንዶቹ ደግሞ ባለ 6 ናቸው። የተለመደው ፓወር ሰፕላይ የሚሠራው በመቀየሪያ ኬብል ነው፤ ኬብሉም ለዚያው ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት። የፊት ማብሪያቸውም ከተለመደው ኬዝ ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ከእነዚህ ማዘርቦርዱን ነጥሎ ከመግዛት ይልቅ ሙሉውን ገዝቶ ራምና ዲስክ መጨመር ያዋጣል ብዬ አምናለሁ።

ይነሳል፣ ግን ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይጠፋል።

ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው። ማቀዝቀዣው ሥር ያለውን ላስቲክ ሳትልጡ ገጥማችሁት ይሆናል፣ ወይም አንዱ ጥግ አልታሰረም፣ ወይም የማቀዝቀዣው ፋን አልተሰካም። አንስታችሁ የድሮውን ቅባት ጠርጋችሁ አዲስ ቀብታችሁ እሰሩ።

ትናንት ይሠራ ነበር፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ አልነሳ አለ።

መጀመሪያ ከግድግዳው ንቀሉ፣ የፊቱን ማብሪያ ለ30 ሰኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ አንዴ ከተቆለፈ ኃይሉ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ አይለቅም፤ በዚህ ብቻ የዳኑ ብዙ ናቸው።

ካልሆነ የባዮሱን ማስታወሻ አጥፉ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን የሳንቲም ቅርፅ ያላት ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ ሲአር2032 የምትባለውን፣ ከግድግዳው ነቅላችሁ አውጥታችሁ ለጥቂት ደቂቃ አቆዩና መልሱ። ያገለገለ ማዘርቦርድ ከሆነ ባትሪዋን መቀየር ነው፤ የሰዓት መሸጫ ሁሉ አላት።

ለወደፊቱ መብራት ሲሄድ ገመዱን ንቀሉ፤ ሲመጣ ትንሽ ቆይታችሁ ስኩ። ኃይሉ ተመልሶ እስኪረጋጋ ድረስ ያለው ጊዜ ነው ዕቃ የሚጎዳው። ዩፒኤስ ስትገዙም ልብ በሉ፤ የርካሾቹ ሞገድ ንጹሕ ስላልሆነ አንዳንድ ጥራት ያላቸው ፓወር ሰፕላዮች ወደ ባትሪው ሲዞር ይጠፉበታል። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ እያለው መብራት በሄደ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ከመውቀሳችሁ በፊት ይህን መርምሩ።

በእጄ ነክቼ በስታቲክ (ሰውነት ላይ በሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) አቃጥዬው ይሆን?

የማይሆን ነገር አይደለም፤ ግን ብዙ ሰው እንደሚፈራው አይደለም። በበጋ አየሩ ሲደርቅ ሱፍ ለብሶ ምንጣፍ ላይ ቆሞ አለመሥራት፣ ዕቃ ከመንካት በፊት የኬዙን ያልተቀባ ብረት መንካት፣ ማዘርቦርዱን በጠርዙ መያዝ ይበቃል።

ሁሉንም ሞከርኩ። ባለሙያ ጋ ስሄድ ምን ልበል?

ከሦስቱ ዓይነት የትኛው እንደሆነ፣ ካርቶን ላይ ምን እንደሆነ፣ የትኛው መብራት በርታ እንደቀረች በወረቀት ጻፉ። የሶኬቱን ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፤ ዕቃችሁ በምን ሁኔታ እንደሄደ ማስረጃ ነው። ቢቻል እያያችሁ ይፈተን፤ መጀመሪያም በሚሠራ ሌላ ፓወር ሰፕላይ፣ ቀጥሎ በሚሠራ ሌላ ራም እንዲሞከር ጠይቁ። ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ከተባላችሁ የተቃጠለውን ቦታ አሳዩኝ በሉ፤ የጠቆረ ወይም ያበጠ ነገር ካልታየ የእናንተ ፕሮሰሰር በሚሠራ ሌላ ማዘርቦርድ ላይ ተሞክሮ ሲነሳ እዩ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ቤት ዕቃችሁን አትተዉ። ዋስትና ያለው ዕቃ ከሆነ ደግሞ ማንም ሰው ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ደረሰኙንና ካርቶኑን ይዛችሁ ወደ ገዛችሁበት ሂዱ።